አባት «ወግ ነው» ሲል

በማሌዢያ የሚኖሩት የማላይ ሙስሊሞች ከእኛ በሰፊ ውቅያኖስ የተለዩ ሕዝብ ናቸው። መልካቸው ሌላ፣ ቋንቋቸው ሌላ፣ የሚዘሩትም ሩዝ ነው። ይሁን እንጂ ወጋቸውን የሚጠሩት «አዳት» ብለው ነው። እኛ ሐረሮች በጌይ ሲናን «ኣዳ» የምንለው፣ ያው ከዐረብኛው «ዓዳ» የመጣው ቃል ማለት ነው። መዝሀባቸውም እንደ እኛው የኢማም አሽ-ሻፊዒይ መዝሀብ ነው። ባሕር ያቋረጡት ነጋዴዎችና ዑለማዎች ለሁለታችንም አንድ ቃልና አንድ ኪታብ አድለውን ሄደዋል። እንግዲህ በቃልና በመዝሀብ የተገናኙ ሁለት ሕዝቦች በየቤታቸው የሚጣሉበትም ነገር ቢመሳሰል ሊያስገርመን አይገባም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ፊልም ልናገር ፈልጌ ነው። «በሙስሊሞች ጋዜጣ ላይ ፊልም ምን ቤት ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። ልጆቻችን ስለ አባትና ስለ ልጅ ብዙ ነገር የሚማሩት ማታ ማታ በስልካቸው ከሚያዩት ነው። እኛ ባናየው እነሱ ማየታቸውን አይተዉም።

የማላይን የገጠር ሕይወት የሚያሳዩ ፊልሞች ደጋግመው ከሚያነሡት ነገር አንዱ ወግ የሚያስከብር አባትና ከወጉ ሊወጣ የሚሻ ልጅ በአንድ ጣራ ሥር መኖራቸው ነው። ዝነኛው ተዋናይና አዘጋጅ ፒ. ራምሊ እ.ኤ.አ. በ1956 «ሰመራህ ፓዲ» የተባለ ፊልም ሠርቷል። ታሪኩ የሚካሄደው ሸሪዓ በሚከበርባት አንዲት መንደር ነው። የመንደሩ አለቃ ልጃቸውን ለአንድ ጎበዝ አጭተዋታል፤ የልጅቱ ልብ ግን ከእጮኛዋ ጓደኛ ዘንድ ነው። እጮኛው በሌለበት ሁለቱ ይሳሳታሉ፤ ይፈረድባቸውና ይገረፋሉ፤ በመጨረሻም ይጋባሉ። ሰው ይህን ፊልም ሲያወድስ አባት በገዛ ልጁ ላይ ሳያዳላ መፍረዱን ያነሣል። ትክክል ነው። በበኩሌ ግን አንድ ጥያቄ አላልፍህ ብሎኛል። የልጅቱ ጥፋት ሕግ ነበረውና ተፈረደበት። ልቧ ሌላ ዘንድ ሳለ አባቷ የሰጡት ቃልስ? ለዚያ ዳኛ የተቀመጠለት አይመስልም፤ የእሳቸው «ወግ» ነዋ!

ሁለተኛው ፊልም የዩ-ዌይ ሐጂ ሳዓሪ «ካኪ ባካር» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በፈረንሳይ በካን ፌስቲቫል ታይቷል። አባትየው ድሃ ስደተኛ ነው። ክብሬ ተነካ ባለ ቁጥር የሰው ንብረት ያቃጥላል። ትንሹ ልጁ በሁለት ነገር ተወጥሮ ይሠቃያል፤ እውነቱን ይናገር ወይስ ከደሙ ጎን ይቁም? የሚገርመው፣ ታሪኩ የተወሰደው ከአሜሪካዊው ደራሲ ከዊልያም ፎክነር አጭር ልቦለድ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ገጠር ተነሥቶ ማላይ መንደር ሲደርስ ምንም አልጎደለበትም። ለመሆኑ ጠቡ በእርግጥ በወግና በዘመናዊነት መካከል ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል በቀላሉ አገር ይቀይር ነበር?

አሁን ወደ እኛው ልመለስ። ሐረርም ፊልም አላት። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር ወደ አሥር ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ እየተመላለሰች የቀረጸችው «ፋያ ዳዪ» የተባለው ጥቁርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2021 ለዓለም ታየ። በሐረርና በዙሪያዋ ባለው ገጠር፣ በጫት ማሳና በጫት ገበያ መካከል ያለውን ኑሮ ያሳያል። በመካከሉ አንድ ልጅ አለ። አባቱ ጫት የያዘው ሰው ነው፤ ጠባዩ ከምርቃናው ጋር ይወጣል፣ ከምርቃናው ጋር ይወርዳል። ልጁ ባሕር ተሻግሮ መሄድን ያልማል። ፊልሙ ውጭ አገር ሲደነቅ ብዙ የተወራው ስለ ምስሉ ውበት ነበር። ውበቱን አልክድም። እኔ ግን ዓይኔን ከአባትና ከልጁ ላይ ማንሣት አቃተኝ። ጫቱን የዘመናት ልማድ፣ ስደቱን የዘመኑ ወረርሽኝ ብለን አባትየውን በወግ፣ ልጁን በዘመናዊነት ወገን ልናስቀምጥ ይቃጣናል።

ነገሩን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን እንዲህ አይደለም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ሲገባ ዑለማዎቹ ጫት እንደሚቅሙ አይቶ ጽፏል። ስለዚህ ጫት አዲስ እንግዳ አይደለም። ዳሩ ግን ለሌሊት ዚክርና ለኪታብ ንባብ የሚያዝ ጫትና ከረፋድ እስከ ማታ የሚያስቀምጥ ጫት አንድ አይደሉም። የቡናው ማሳ ለጫት የተለቀቀው፣ ጫት የገበሬው ዋና ገንዘብ የሆነው፣ የዚህ ዘመን መንገድ፣ መኪናና አውሮፕላን ገበያ ስለከፈተለት ነው። ያ አባት ሥራ ፈትቶ ቀኑን ሙሉ ሲቅም የሚያከብረው የአያቱን ወግ ሳይሆን የራሱን ዘመን ሸቀጥ ነው። ልጁ ደግሞ ባሕር ለመሻገር ሲያስብ የሚከተለው ሐረርን ሐረር ያሰኘውን የጥንቱን የነጋዴና የተማሪ መንገድ ነው፤ የቀደሙት ግን በቅፍለትና በመርከብ በክብር ይሄዱበት ነበር፤ እሱ በደላላ እጅ ሊሄድ ነው። እና ከሁለቱ ማንኛው ነው «ዘመናዊው»?

እንደ እኔ እምነት በቤታችን ያለው ጠብ ስሙ ተሳስቷል። ጠቡ የዕዳ ነው። ማን ለማን ምን ዋለ? ማንስ ከማን ምን ሊጠይቅ ይችላል?

ወግ የሁለት ወገን ውል ነው። በቀድሞው ጀጎል አባት ልጁን «ከአጠገቤ አትራቅ፣ እኔ የመረጥኩልህን አግባ፣ ከአፎቻዬ አትውጣ» ሲል ባዶ እጁን አልነበረም። ከግንቡ ውጭ የአትክልት ቦታ ነበረው፤ ሱቅ ነበረው፤ ለሙሽሮች የምትሰናዳ ኪርተት ያላት ቤት ነበረችው። ልጅ ይታዘዛል፣ አባት ያስቀምጠዋል። ከዚያ በ1940 በኩሉብ ንቅናቄ ምክንያት ብዙዎች ታሰሩ፣ ብዙዎችም ወደ አዲስ አበባ ተሰደዱ። በ1967 የገጠር መሬትና የትርፍ ቤት አዋጆች ሲታወጁ የሐረሪ ቤተሰብ ከግንቡ ውጭ የነበረው መሬት ሄደ። (መሬቱን ያርስ ለነበረው የኦሮሞ ገበሬ አዋጁ ፍትሕ እንደነበረ መዘንጋት የለብንም፤ የአንዱ ቤት ወግ በሌላው ጫንቃ ላይ ተቀምጦ ኖሯልና።) ከዚያ ወዲህ ሰው ወደ ንግድና ወደ ስደት አዘነበለ፤ ዛሬ ቶሮንቶ ውስጥ ሐረሪ የሌለበት ሰፈር የቱ እንደሆነ ይጠይቁ። አባት ግን የቀድሞውን ቃል ይዞ ቀረ። የሚሰጠው አለቀ፤ የሚጠይቀው አላለቀም።

እዚህ ላይ ፉቀሃዎች የሚሉትን መስማት ይጠቅማል። ኢማም አስ-ሱዩጢን የመሰሉ የመዝሀባችን ሊቃውንት ፊቅህ ከሚመለስባቸው አምስት ታላላቅ መርሖዎች አንዱ ወግ ዳኛ ሊሆን መቻሉ ነው ይላሉ። የገበያ መለኪያ፣ የመህር ልክ፣ ለሚስት የሚገባት ቀለብ፣ እነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ በአገሩ ወግ ይታያሉ። አባቶቻችን ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን ወግ ዳኛ የሚሆነው በቅድመ ሁኔታ ነው። ከቁርኣንና ከሐዲስ ጋር መጋጨት የለበትም። በአገሩ በእርግጥ የሚሠራበት መሆን አለበት። ውሉ በተፈጸመበት ጊዜም በሕይወት ያለ ወግ ሊሆን ይገባል፤ የሞተ ወግ፣ ወይም ከውሉ በኋላ የተወለደ ወግ አይፈርድም። ይህ የመጨረሻው ሁኔታ በእኔ ዓይን ዕንቁ ነው። ብዙው አባት ልጁን የሚዳኘው ልጁ ሳይወለድ በሞተ ወግ ነውና።

እንግዲህ ውሉ በአንድ ወገን ከፈረሰ ልጁ ነፃ ወጣ ማለት ነው? እዚህ ላይ ነው ወጣቶቹ የሚቸኩሉት። ወግ በውል ይቆማል፣ በውል ይፈርሳል። ቢሩል ዋሊደይን፣ ማለትም ለወላጅ በጎ መዋል፣ ግን ውል አይደለም። አባት ስላሳደገኝ ብቻ የምመልሰው ብድር ቢሆን ኖሮ፣ ያላሳደገ አባት ምንም አይገባውም ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) ግን ያዘዘው እንደዚያ አይደለም። በሱረቱ ሉቅማን ወላጆች በአላህ ላይ እንድታጋራ ቢታገሉህ እንኳ አትታዘዛቸው፣ በዱንያ ኑሮ ግን በመልካም ተወዳጃቸው ተብለናል። ልብ በሉ፤ መታዘዝና በጎ መዋል በአንድ አያህ ውስጥ ተለያዩ። አንዱ ሲቀር ሌላው አልቀረም።

ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) የዚህ ምሳሌ ናቸው። የአባታቸውን ወግ ከሥሩ የተቃወሙ ልጅ ነበሩ፤ ከእሳቸው ይበልጥ ከአባቱ ጋር የተለያየ ልጅ ማን አለ? ነገር ግን በሱረቱ መርየም ንግግራቸውን ስናነብ በየመካከሉ «አባቴ ሆይ» ይላሉ። አባታቸው በድንጋይ እወግርሃለሁ ብሎ ሲያስፈራራቸው መልሳቸው ሰላምታና ምሕረት እለምንልሃለሁ የሚል ነው። ዛሬ ሁለት ዓመት ኮሌጅ የተማረ ልጅ አባቱን «አንተ ምን ታውቃለህ» ሲል ስሰማ፣ ከኢብራሂም የወሰደው እምቢታውን ብቻ እንደሆነ ይሰማኛል። እምቢታው ቀላሉ ነው።

የማላዩ ልጅ ጥያቄም መልስ አለው። ሱረቱ አን-ኒሳእ በራሳችሁ ወይም በወላጆቻችሁ ላይ ቢሆንም እንኳ በፍትሕ መስክሩ ይላልና። አባቱ የሰው ጎተራ ሲያቃጥል እውነቱን የሚናገር ልጅ አባቱን አልከዳም፤ ከተጨማሪ ወንጀል አዳነው። ቀጥሎ ግን ለታሰረው አባቱ ስንቅ መቋጠር አለበት። ፊልሞች ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ያሳዩና ሁለተኛውን ይተዉታል፤ ስንቅ መቋጠር ለካሜራ አይመችም መሰለኝ።

ሴቶች ልጆችስ? «ሰመራህ ፓዲ» ያነሣው እሱን ነበር። አን-ነሳኢይና ኢብኑ ማጃህ የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ። አንዲት ወጣት ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጣችና አባቷ በእሷ ክብሩን ከፍ ሊያደርግ ለወንድሙ ልጅ እንደዳራት ነገረቻቸው። እሳቸውም ምርጫውን ለእሷ ሰጧት። እሷ ግን አባቷ ያደረገውን ተቀበለች፤ የመጣችው ሴቶች በዚህ ጉዳይ አባቶች ያለ ፈቃዳቸው ሥልጣን እንደሌላቸው እንዲያውቁ መሆኑን ተናገረች። ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር ያስደንቀኛል። ጋብቻውን አላፈረሰችም፣ መብቷንም አልጣለችም። የአባቷን ምርጫ ተቀብላ የአባቷን ሥልጣን እምቢ አለች።

በእርግጥ አንድ ሸኽ «የራሳችን የሻፊዒይ ኪታቦች ለአባት በድንግል ልጁ ላይ ሥልጣን ይሰጡት የለም ወይ?» ቢለኝ እውነት ነው፤ ይሰጣሉ። እነዚያው ኪታቦች ግን ሥልጣኑን አጥረውታል፤ በአባትና በልጅ መካከል ግልጽ ጠላትነት አይኑር፣ ባልየው አቻዋ ይሁን፣ መህሯን የሚችል ይሁን፤ ከሁሉም በላይ ፈቃዷን መጠየቁ ሱና ነው ይላሉ። አባቶቻችን ከኪታቡ ሥልጣኑን አስታውሰው አጥሩን ረስተውታል። ያ የመርሳት ወግ ከየት መጣ? ከመዝሀቡ አይደለም።

በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የምታዘበው ሌላም ነገር አለ። አባትና ልጅ ሲጣሉ እናት ጥግ ላይ ታለቅሳለች። በሐረር ግን ወግን በአፉ የሚናገረው አባት ቢሆንም በእጇ የምትሠራው እናት ናት። የጌይ ጋርን ግድግዳ የሸፈነው ስፌት የማን ጣት ነው? ሠርግና ለቅሶ ሲመጣ የሴቶቹ አፎቻ ባይኖር የትኛው ሽማግሌ ወጉን ያቆመዋል? ልጃገረዶች አንድ ላይ ተቀምጠው ስፌት የሚማሩበት ልማድ በትምህርት ቤት እየተተካ ሲሄድ ከወንዶቹ ብዙም ጫጫታ አልተሰማም። ወንዱ ልጅ ሌላ ሰፈር ቤት ልከራይ ሲል ግን «ወግ ጠፋ» ተባለ። እናቶችን ብንጠይቅ ወጉ የቱ ጋ እንደከበደና የቱ ጋ እንደሚወደድ ለይተው ይነግሩን ነበር፤ የሚሸከሙት እነሱ ናቸውና።

ልጆቹንም ሳልወቅስ አላልፍም። ዘመናዊነታቸው አብዛኛውን ጊዜ የተዋሰ ነው። አባቱን ኋላ ቀር ያለ ጎረምሳ ለሠርጉ ጊዜ አዳራሽ፣ የመኪና ሰልፍና የቪዲዮ ቀረጻ ይጠይቃል፤ ወጪው በአባቱ ዘመን ከነበረው ድግስ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ከውጭ የሚላከው ዶላር ደግሞ ወጉን አደለበው። ወንድሙ ከካናዳ የላከለት እንደዚያ ሲደግስ፣ ወንድም የሌለው ጎረቤቱ ተበድሮ ይደግሳል ወይም ሳያገባ ይቆያል። «ወግ ነው» ይባላል። ዕድሜው ግን ከባንክ ሐዋላው ዕድሜ አይበልጥም።

በጀጎል ውስጥ የማውቀው አንድ ቤት አለ። አሚር ኑር ግንቡን ባሠሩ ጊዜ የነበረ ቤት ነው አልልም፤ ግን አሮጌ ነው። ነደባዎቹ፣ ማለትም እንደየማዕረጉ የሚቀመጡባቸው ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች፣ እንዳሉ ናቸው። ልጁ ሚስት ሊያገባ ነበርና ከነደባዎቹ አንዱን አፍርሶ አልጋና ፍሪጅ ማስቀመጥ ፈለገ። አባትየው እምቢ አሉ። ጀጎል በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ እንዲህ ያለውን ቤት እንደ ልብ ማፍረስ አይቻልምና ሕጉም ከአባትየው ጋር ነበር። ልጁ «ታዲያ ቱሪስት ይኑርበት!» ብሎ ወጣ። የቅርስ ሕግ ግድግዳውን ይጠብቃል፤ በግድግዳው ውስጥ ያለው አባትና ልጅ ግን ከሦስት ወር በላይ አልተነጋገሩም።

የአፎቻው ሽማግሌዎች ገቡበት። እኔም ከጎረቤት ወገን ሆኜ ተቀምጬ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ አባትየውን ያልጠበቁትን ጠየቋቸው፤ «አንተ ስታገባ ኪርተቷን ማን አሰናዳልህ? የሰባቱን ቀን ወጪስ ማን ቻለ?» አባትየው «አባቴ፣ አላህ ይማራቸው» አሉ። «ለዚህ ልጅስ?» ዝም አሉ። ወደ ልጁ ዞረው ደግሞ «አባትህ ምንም አላሰናዱልህም፤ እሺ። ለሦስት ወር ሰላምታ የነፈግካቸው ግን ኪርተት ስላላሰናዱልህ ነው?» አሉት። እሱም ዝም አለ። ነደባው እንዳይነካ፣ ልጁ ከፈለገ ውጭ እንዲኖር፣ አባትየውም ምራታቸውን «እዚህ ካልገባሽ» እንዳይሉ ተስማሙ። ዱዓ ተደረገና ተበተንን።

ልጁ ከጀጎል ውጭ በአዲሱ ሰፈር ቤት ተከራየ። አባትየው እስከ ዛሬ እዚያ ቤት እግራቸው አልረገጠም፤ «ነደባ የሌለው ቤት የት እቀመጣለሁ?» ይላሉ። ባለፈው ረመዷን ግን ልጁ ከመግሪብ በፊት ሚስቱ የሠራችውን ሾርባና ሳምቡሳ ይዞ በአሮጌው በር ሲገባ በተደጋጋሚ አይቼዋለሁ። ሽማግሌው ሾርባው ጨው በዝቶበታል ይላሉ አሉ። ይጠጡታል ግን።